ክላፕስ

ፖላንድ ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ ካሜራው ፊት ቀጭ የምትለው ባለ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ «ክላፕስ» ትባላለች። ልጅን መቀመጫው ላይ በመዳፍ ቸብ ማድረግም በዚያው ቋንቋ «ክላፕስ» ነው። ሁለቱን ትርጉሞች በተለያየ ጊዜ ስለተማርኳቸው አንድ ቃል መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ልብ ያልኩት እ.ኤ.አ. በ2024 በጥቅምት ወር፣ ውች ከተማ ባዉቲ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ ነው።

ይህን የምጽፈው በልጅነቱ እየተገረፈ አድጎ «ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። ልጇን ዘመድ ዘንድ ትታ አረብ አገር ለሄደች እናትም እንዲደርሳት እፈልጋለሁ። ለእሷ የምነግራትን ግን ወደ ኋላ ላድርገው፤ መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ውች በካርታ ላይ ሎድዝ ተብላ የምትጻፈው ከተማ ናት። የመጣሁት ለቋንቋ ትምህርት ነበር፤ ከ1952 ጀምሮ (የፖላንዱን ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለውጭ አገር ተማሪዎች ፖላንድኛ የሚያስተምር ማዕከል ያለው እዚህ ነው፤ ከእኔ በፊት ብዙ አፍሪካውያን አልፈውበታል። ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ እንጀራዬ ድምፅ ሆነ። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክራፎን ሰክቼ ከተዋንያኑ አናት በላይ ይዤ እቆማለሁ። በታርጎቫ መንገድ ላይ ያለው፣ በ1948 የተቋቋመው የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪዎች አጭር ፊልም ሲሠሩ ሰው ይጎድላቸዋል፤ ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ምሳው ጥሩ ነው።

ያን ጊዜ የተጠራሁበት ፊልም 18 ደቂቃ የሚፈጅ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እናቱ፣ የእንጀራ አባቱ። ልጁ ይደበደባል፤ ድብደባው ግን አንዴም አይታይም። ካሜራው ያለው ጎረቤት ቤት ነው። አንዲት አሮጊት ወጥ ቤቷ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ድምፁ በግድግዳው በኩል ይመጣል። ሴትዮዋ ቢላዋዋን ታቆማለች፣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትነሣና ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። ቀጥሎ የምናየው ልጁን ነው፤ ግቢው ውስጥ የብረት ማዕዘን ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ያ ብረት «ትሼፓክ» ይባላል፤ በፖላንድ አሮጌ ግቢዎች ሁሉ አለ፣ ምንጣፍ ተሰቅሎ አቧራው የሚራገፍበት ነው። ልጆች ይንጠላጠሉበታል። ይህ ልጅ አይንጠላጠልም። እስኪመሽ ዝም ብሎ ይቀመጥበታል።

ስለ ልጁ ሳላወራ አላልፍም፤ በሕይወቴ ልጅ እንዲህ ሲጠበቅ ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው። በፖላንድ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊሠራ የሚችለው በባህል፣ በሥነ ጥበብ፣ በስፖርትና በማስታወቂያ ዘርፍ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ወላጅ ፈርሞ፣ የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቅዶ። ለፈቃዱ ሐኪም ያየዋል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አስተያየት ይጽፋሉ፣ ትምህርት ቤቱ ይጠየቃል። የወረቀቱ ብዛት ዳይሬክተሯን አስለቅሷት ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ወረቀቱ የማያዝዘው ነገር ነው። ልጁ ሙሉውን ታሪክ አልተነገረውም። «ወደ ቤት መሄድ ደስ የማይለው ልጅ ነህ» ብቻ ተባለ። ሲደክመው ወይም ሲከፋው የሚላት አንዲት ቃል ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ፤ «ጃርት» አለ። «ጃርት» ካለ ሁሉም ሰው ሥራውን ያቆማል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። በአራት ቀን ውስጥ ሁለቴ ብሏታል። ሁለቴም ቆመናል፤ አንዴ ፀሐይዋ ልትጠልቅብን ደቂቃዎች ሲቀሯት። ማንም ፊቱን አላጠቆረበትም። ዘንጌን ይዤ ቆሜ አየው ነበር። ቃሉን ሲናገር ሃያ ትልልቅ ሰው ጸጥ ይላል። እኔ በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለች ቃል አልነበረችኝም።

የግርፋቱ ድምፅ የተቀረጸው ልጁ ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ዳይሬክተሯ እንዳይሰማው ፈለገች። የቆዳ ሶፋ ነበረ፣ ሦስት ዕቃ ነበረን፦ ቀበቶ፣ እርጥብ ፎጣና «ትሼፓችካ» የምትባለው ከቀጭን እንጨት የተጎነጎነች የምንጣፍ መምቻ። የእንጀራ አባቱን የሚሠራው ተዋናይ፣ በጣም ለስላሳ ሰው፣ ሶፋውን ይመታል፤ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እቀዳለሁ። ስድስት ጊዜ ቀረጽን። ፎጣው አልሆነም፣ መምቻዋ አልሆነችም። በሰባተኛው ዳይሬክተሯ «ቀበቶውን ከወገብህ ስትፈታ እንዲሰማ እፈልጋለሁ» አለችው። አንዷ ሰሌዳዋን ይዛ «ክላፕስ!» አለች። ከዚያ የቀበቶው ዘለበት ቅጭል አለ።

ዘንጉ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከምቱ በፊት ነበር፤ ገና ምንም አልተመታም። «ገመዱ ተበላሽቷል» ብዬ ማዳመጫውን አውልቄ ደረጃው ላይ ሄድኩና ተቀመጥኩ። ገመዱ ደህና ነበር።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ቤይሩት ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። እኔ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ቀረሁ። አጎቴ ከሥራ ሲመጣ የበሩን ድምፅ እሰማለሁ፣ ጫማውን ሲያወልቅ እሰማለሁ፣ ከዚያ የዘለበቱን ቅጭልታ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ልብሱን ለመቀየር ብቻ ይፈታዋል። አንዳንድ ቀን ግን ለእኔ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው፣ ያውም የሚመታው ሶፋ፣ ሰውነቴ ግን እነዚያን ሰከንዶች ይቆጥር ነበር።

ጎረቤቶቻችንን ልወቅሳቸው አልችልም። ግቢያችን ውስጥ አራት አባወራ ነበር። አጎቴ ሲጀምር ከአንዱ ቤት «ኧረ በቃ! ስለ ማርያም!» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እትዬ አንዷ ነጠላዋን ሳታስተካክል ደርሳ በሩን ትገፋለች፣ እሱም ይተዋል። ሬዲዮ ከፍ ያደረገብኝ ሰው የለም። እንደዚያም ሆኖ ብቸኛ ነበርኩ። ምክንያቱ የገባኝ ያን ቀን ደረጃው ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ምን አጥፍተህ ነው?» አንድም ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎኝ አያውቅም። «ምን አጥፍተህ» የተባለ ልጅ ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል። ካላገኘ ይፈጥራል። ብርጭቆ ነው እላለሁ፣ ደብተር ነው እላለሁ። እየተመታሁ ያለሁት እኔ ሆኜ ለሚመታኝ ሰው ምክንያት የማቀርብለትም እኔ ነበርኩ።

እናቴ እሁድ እሁድ ትደውል ነበር። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ አጎቴ ወንበሩ ላይ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፦ «ደህና ነኝ። ትምህርት ጥሩ ነው። ብሩ ደርሷል።» ከዚያ ስልኩን ይቀበለኛል። እናቴ ከወዲያ ስታመሰግነው ይሰማኛል። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሄደ።

አጎቴ አውሬ አልነበረም። እሱም በአለንጋ ያደገ ሰው ነው፤ በርበሬም ታጥኗል፤ ራሱ ነው የነገረኝ። «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» ይላል። ይህን አውቃለሁ፣ አዝንለታለሁም። ሆኖም ልክ ነበር ብዬ አልቀበለውም። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በሌሎች ተቋማት በአካሉ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ መሆኑን ይናገራል፤ ቤት ውስጥ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «ተገቢ» የሚለውን ቅጣት ለወላጅና ለአሳዳጊ ትቶለታል። ተገቢው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው ቀበቶውን የያዘው ሰው ነው።

ዱላ የእኛ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የድሃ አገር፣ የጨለማ ጓዳ ነገር። በማግስቱ ምሳ ላይ አሮጊቷን የምትሠራው ተዋናይት አጠገቤ ተቀመጠች። ሰባ ዓመት አልፏታል። ልጅ ሳለች ያቺ የምንጣፍ መምቻ ወጥ ቤት በር ጀርባ እንደምትሰቀል ነገረችኝ፤ ቅዳሜ ለምንጣፍ፣ በሌላው ቀን ለእነሱ። «ልጅና ዓሣ ድምፅ የላቸውም» የሚል ተረት አላቸው። ያኑሽ ኮርቻክን ያፈራች አገር ናት እኮ፤ ዋርሶ ውስጥ የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገው፣ በነሐሴ 1942 ናዚዎች ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዱ አብሯቸው የሄደው ሐኪም። የልጆች መብት ስምምነት እንዲዘጋጅ በ1978 ለተባበሩት መንግሥታት ሐሳቡን ያቀረበችውም ፖላንድ ናት። ሆኖም ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በግልጽ የተከለከለው ነሐሴ 1 ቀን 2010 ላይ ነው። በ2023 ደግሞ ቼንስቶሆቫ ከተማ ውስጥ የ8 ዓመት ልጅ በእንጀራ አባቱ ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ሞቶ አገር አለቀሰ፤ በእሱ ስም የሚጠራ የልጆች ጥበቃ ሕግ በየካቲት 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ሴትዮዋ ይህን ስትነግረኝ ሹካዋን አስቀምጣ ነበር። «እኔ በፊልሙ ሬዲዮኑን ከፍ የማደርገው ትወና አይደለም። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ» አለችኝ።

ከቀረጻው በኋላ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤት ቁልፉን ሲያንቃጭል እነቃለሁ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ 800 70 22 22 ደወልኩ፤ ፖላንድ ውስጥ ለከፋቸው አዋቂዎች ሌትም ቀንም የሚሠራ፣ ነጻ የሆነ መስመር ነው። መጀመሪያ ያልኩት «ይህ ለመደወል የሚያበቃ ነገር መሆኑን እንጃ» ነው። ከወዲያ ያለችው ሴት «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ለተወሰነ ጊዜ መናገር አልቻልኩም። ሳትቸኩል ጠበቀችኝ።

ከዚያ በኋላ በመኖሪያ ሰፈሬ ወዳለው የአእምሮ ጤና ማዕከል ሄድኩ። የሐኪም መላኪያ ወረቀት አልጠየቁኝም፤ ወረፋው ግን ስምንት ሳምንት ወሰደ። በሌላ ቋንቋ ስለ ልጅነት ማውራት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ትደርሱበታላችሁና። በፖላንድኛ ሁሉንም ነገር ሳልንተባተብ ተረክሁላት። ቀበቶ፣ አጎት፣ ዘጠኝ ዓመት፤ እንባ የለም። ራሴን ጠንካራ ነኝ ብዬ አደነቅሁ። በአራተኛው ቀጠሮ ባለሙያዋ «እስኪ በቋንቋህ በለው፤ እኔ ባይገባኝም ግድ የለም» አለችኝ። «አጎቴ በቀበቶ ይገርፈኝ ነበር» አልኩ በአማርኛ። አራት ቃል። አራተኛዋ ላይ ሳልደርስ ድምፄ ተሰበረ። የውጭዎቹ ቃላት ያላቆሰሉኝ የልጅነት ጆሮዬ ስለማያውቃቸው ነው። ስለዚህ በስደት አገር እርዳታ የምትፈልጉ፣ የምታነጋግሩት ባለሙያ አማርኛ ባይችልም እንኳ አንድ ጊዜ በአማርኛ እንድትናገሩ ይፍቀድላችሁ፤ ከዚያ ትተረጉሙታላችሁ።

ለእናቴ መንገር ከሁሉም ከበደኝ። መጀመሪያ ሌሊት ላይ ረጅም የድምፅ መልእክት ቀዳሁላት፤ በንዴት። ሳልልከው አጠፋሁት፤ በማጥፋቴም እስካሁን ደስ ይለኛል። ባለሙያዋ ቀድማ አዘጋጅታኝ ነበር፦ ልትክድ ትችላለች፣ ልትቆጣ ትችላለች፣ ልታለቅስ ትችላለች፤ ማንኛቸውንም ብታደርግ የሆነው ሆኗል። አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላች በቪዲዮ ደወልኩና በአጭሩ ነገርኳት። ማንኪያውን አቆመች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር፤ መልሶ ጥፋተኛ አደረገኝ። «አጠገቤ ነበር፣ እማ» አልኳት። ቡናው አረረ። ስልኩን ዘጋችው።

በሳምንቱ ራሷ ደወለች። «እሁድ እሁድ ድምፅህ ይቀጥን ነበር፣ ልጄ። ሰምቼዋለሁ። ፓስፖርቴ ማዳም ዘንድ ነው፣ ኮንትራቴ አላለቀም፣ ብጠይቀው ይብስበታል ብዬ ፈራሁ። አልሰማሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት» አለችኝ። ለካ እሷም በዚያ በኩል ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ኖሯል። ሌላ መሄጃ ስላልነበራት። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አወራን፤ በሕይወታችን ረጅሙ ስልክ ነው።

እንግዲህ አሁን ጅዳ፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት ሆነሽ ልጅሽን ዘመድ ጋር ያስቀመጥሽ እህቴ፣ የደረሰብኝን ይዤ ልምከርሽ። ልጁን የሚያሳድገው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሳለ በስልክ አታናግሪው። ውጣና ደጅ ሆነህ አውራኝ በይው። በሳምንት አንዴ ብቻም አይሁን፤ ሰዓቱ የሚታወቅ ስልክ ተዘጋጅቶ የሚጠበቅ ስልክ ነው። «ደህና ነህ?» አትበይው። በ«ደህና ነኝ» የማይመለስ ጠይቂው፦ ትናንት ማታ ማን አጠገብ ተኛህ? እራት ላይ ማን ምን አለ? ካንተ በኋላ ቤት የሚገባው ማን ነው? እሱ ሲገባ አንተ የት ትሆናለህ? ሁለታችሁ ብቻ የምታውቋት አንዲት ቃል ስጪው፤ የፊልሙ ልጅ «ጃርት» እንዳለው። ያቺን ቃል ካለ ሌላ ማብራሪያ አትጠብቂ። ከአሳዳጊው ጋር በገንዘብ የማይነካካ ሁለተኛ ሰው ይኑርሽ፤ መምህርት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ጎረቤት፤ በአካል አይታው የምትነግርሽ።

ልጁ አንድ ቀን ከነገረሽ ደግሞ፣ እባክሽን፣ በዚያው ሰዓት ለአሳዳጊው ደውለሽ አትቆጪ። አንቺ ስልኩን ትዘጊያለሽ፣ ሌሊቱን የሚያድረው እሱ ነው። መጀመሪያ «አምኜሃለሁ» በይው። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ መናገር ይኖርብሻልና። ሁለተኛውን ሰው ቶሎ ላኪ፣ የሚያርፍበት ሌላ ቤት ፈልጊ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪ።

አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ 116 111 የሚባል የልጆች ስልክ በፖላንድም፣ በጀርመንም፣ በስዊድንም አለ፤ ልጁ ራሱ ስሙን ሳይናገር በነጻ ሊደውል ይችላል። ፖላንድ ውስጥ «ሰማያዊ ካርድ» የሚባል አሠራር አለ፤ ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤት ውስጥ ድብደባ መኖሩን ሲጠረጥር ይከፍተዋል፤ የተጎጂውን ፈቃድ አይጠብቅም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ «ልጃችንን ይወስዱብናል» ብለው ስለሚፈሩ ልጁን ዝም ያሰኙታል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ልጁን ዝም ማሰኘት ግን ብቻውን መተው ነው።

ፊልሙ ለጥቂት ተመልካቾች ሲታይ ሄድኩ። ልጁ የእሱን ክፍሎች ብቻ አስቀድሞ አይቶ ስለነበር ከእናቱ ጋር ውጭ ኮሪደሩ ላይ ፖንችኪ የሚባለውን ዶናት ይበላ ነበር። የዘለበቱ ድምፅ ሲመጣ እጄን ወንበሩ ላይ አጥብቄ ያዝኩ፤ አልተንቀጠቀጠም ብል እዋሻለሁ፣ ግን ተቀምጬ ጨረስኩት። መብራት ሲበራ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ተነሣና ስለ ፊልሙ ምንም ሳይል «ልጁ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዳይሬክተሯ በሩን ከፍታ አሳየችው። የልጁ አፍ ዙሪያ ስኳር በስኳር ሆኖ ነበር። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሪያድ ናት። የስምንት ዓመት ልጇ አዲስ አበባ ከዘመድ ጋር ትኖራለች። ያለ ቀጠሮ ቀን እደውልላታለሁ፤ አንዳንዴ ማክሰኞ፣ አንዳንዴ ዓርብ። ስልኩን ይዛ ከቤት ስትወጣ ጫማዋ ሲሸራተት፣ የቆርቆሮው በር ሲንሳጠጥ፣ የጎረቤት ዶሮ ሲያስካካ ይሰማኛል። ሥራዬ ነውና ሁሉንም ለይቼ እሰማለሁ። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል።

«ጋሼ፣ አሁን ብቻዬን ነኝ» ትላለች።

«ትናንት ማታ ማን አጠገብ ተኛሽ?» እላታለሁ፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ ታወራልኛለች።